ለቴስት መሣሪያ ሠሪዎች፦ ቴስት ሲወድቅ ምን እንደተፈጠረ ንገሩን

ለቴስት ፍሬምወርክ ሠሪዎች፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ የራሳችሁን መፈተሻ ስክሪፕት ለምትጽፉ ዴቨሎፐሮች፣ በኦፕን ሶርስ ለምትሳተፉ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሶፍትዌር በመፈተሽ የምተዳደር ሰው ነኝ። ቀኑን ሙሉ እናንተ የጻፋችሁትን ሳነብ እውላለሁ። የማነበው ቴስት (ሶፍትዌሩ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ አጭር ኮድ) ሲወድቅ መሣሪያችሁ የሚያወጣውን መልእክት ነው። ቴስት ሲያልፍ የሚነበብ ነገር የለም፤ ሁሉም አረንጓዴውን አይቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሲወድቅ ግን ሰው ቆም ብሎ ያነባል። መሣሪያችሁ ከሰው ጋር የሚነጋገረው ያኔ ነው። ስለዚህ የቴስት መሣሪያ ዋና ምርቱ ያቺ መልእክት ናት ብዬ አምናለሁ። አያያዟ ግን የዋና ምርት አይመስልም። ለፍጥነቱ፣ ለፕለጊኑ፣ ለሪፖርቱ ቀለም ብዙ ይደከማል። መልእክቷ ኮዱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ለመሙላት ያህል የተጻፈች ትመስላለች።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። መልእክቱን ስትጽፉ ኮዱን ያልጻፈ፣ ቴስቱንም ያልጻፈ፣ እጁ ላይ ሎግ (መሣሪያው ያወጣው ጽሑፍ መዝገብ) ብቻ ያለ ሰው አስቡ። የሚያነበው እሱ ነው። ቴስቱን የጻፈው ልጅ ሥራ ቀይሯል፣ ወይም ዓመት ፈቃድ ላይ ነው፣ ወይም ጉዳዩን ከረሳው ቆይቷል።

በፓይተን ቋንቋ መፈተሻ በዩኒትቴስት የሠራ ሰው ሁሉ «ፎልስ ኢዝ ኖት ትሩ» የምትለዋን ያውቃታል። አሰርትትሩ (ይህ ነገር እውነት መሆኑን አረጋግጥ የሚለው ትእዛዝ) ሲወድቅ የምትወጣው እሷ ናት። «ሐሰት እውነት አይደለም» እንደማለት ነው። ስህተት የለባትም፤ ለአንባቢው ግን ጠብ የሚል ነገር የላትም።

እስቲ በብር እንየው። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። የ100 ብር ዕቃ ከነታክሱ 115 ብር መሆን አለበት። አንድ ልጅ «ዋጋው 115 ነው ወይ?» የሚል ቴስት በአሰርትትሩ ጻፈ እንበል። ቴስቱ ወደቀ። የወጣው «ፎልስ ኢዝ ኖት ትሩ» ብቻ ነው። ከዚህ ተነስቶ አንባቢው ምኑን ይጠርጥር? የታክሱ መጠን ዳታቤዝ ውስጥ ተነካክቶ ይሆን? ዕቃው ከታክስ ነጻ ተብሎ ተመዝግቦ ይሆን? ቅናሽ ተደርጎለት ይሆን? ሦስቱንም ሲያጣራ ግማሽ ቀኑ ያልቃል። ጉዳዩ ግን ሌላ ነው። ፓይተንም ሆነ ጃቫስክሪፕት 100ን በ1.15 ሲያባዙ የሚሰጡት 114.99999999999999 ነው፤ ኮምፒውተሩ 1.15ን በሁለትዮሽ ቁጥር በትክክል መያዝ አይችልምና። ይህ ቁጥር መልእክቱ ላይ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባንድ አፍታ ያልቅ ነበር። አንዴ ያየው ሰው ሁለተኛ አይስተውም።

ይህን ማድረግ እንደሚቻል አይተናል። ሌላው የፓይተን መፈተሻ ፓይቴስት ከ2011 ጀምሮ ተራውን የአሰርት (የማረጋገጫ) መስመር ከመሮጡ በፊት ከውስጥ አፍታቶ እንደገና ይጽፈዋል። በግራ ያለው ስንት እንደሆነ፣ በቀኝ ያለው ስንት እንደሆነ፣ ቁጥሩ ከየትኛው ፈንክሽን እንደመጣ ይዞ ይቆያል። ቴስቱ ሲወድቅ ሁሉንም ይዘረግፈዋል። ቴስቱን የጻፈው ሰው አንዲት ቃል አልጨመረም። ድካሙን መሣሪያው ወሰደለት። ጉግል ቴስትም በሲ ፕላስ ፕላስ ሁለት ነገሮች እኩል ሳይሆኑ ሲቀሩ፣ ኮዱ ላይ የተጻፈውን ሐረግ ከነዋጋው አብሮ ያሳያል። የጎ ቋንቋ ሰዎች ደግሞ ሌላ መንገድ መረጡ። አሰርት የሚባለውን ጨርሰው አላስገቡም፤ መልእክቱን ራስህ ጻፈው አሉ። ልማዳቸው «ይህን ብሰጠው ይህን መለሰ፣ የፈለግኩት ያንን ነበር» የሚል ነው። ምክንያታቸውን ወድጄዋለሁ። ለመልእክቱ የሚደከመው ድካም የሚከፍለው ችግሩን የሚያጣራው ሰው ኮዱን በማያውቅበት ጊዜ ነው ይላሉ።

መረጃ ከማጣትም የባሰ አለ። የተሳሳተ መረጃ። በአንድ መሥሪያ ቤት ያጋጠመኝ የውስጥ መሣሪያ ቁጥሮችን ለማሳመር ብሎ ከነጥብ በኋላ ወደ ሁለት አሃዝ ያጠጋጋ ነበር። መልእክቱ «115.00 ይጠበቅ ነበር፣ 115.00 ተገኘ» ይላል። አንባቢው ዓይኑን ይጠራጠራል። ቀጥሎ መሣሪያውን ይጠራጠራል። መጨረሻ ላይ ቴስቱን እንዳይሮጥ ዘግቶት ያልፋል። ቴስት ሳይጠፋ የሚሞተው እንዲህ ነው።

ሁለቱ ወገኖች ሲታተሙ አንድ ዓይነት ከመሰሉ መሣሪያው ራሱ ሊነቃ ይገባዋል። የጃቫው መፈተሻ ጄዩኒት ይህን ያውቅበታል። የተጠበቀውም 1፣ የተገኘውም 1 ሆነው ቴስቱ ከወደቀ፣ አንዱ ኢንቲጀር ሌላው ሎንግ (ሁለት የተለያዩ የቁጥር ዓይነቶች) መሆኑን አጠገባቸው ይጽፋል። የጃቫስክሪፕቱ መፈተሻ ጄስትም በመልክ አንድ፣ በዓይነት የተለያዩ ዕቃዎች ሲገጥሙት «ሁለቱም ሲጻፉ ተመሳሳይ ናቸው» ብሎ ያስታውቃል። ብልህ ሰው የጻፈው መልእክት እንዲህ ነው። አንባቢው ግራ የሚጋባበትን ቦታ ቀድሞ አይቶለታል።

ይህን አጥብቄ የማነሳው በእኛ ፊደል ነገሩ ስለሚብስ ነው።

«ሰላም።» እና «ሰላም፡፡» የሚሉትን ሁለቱን ተመልከቷቸው። የመጀመሪያው አራት ነጥብ በዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) 1362 የሚል ቁጥር የተሰጠው አንድ ራሱን የቻለ ምልክት ነው። ሁለተኛው 1361 የተባለው ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተመትቶ የተሠራ ነው። አገር ምድሩ በሁለቱም ይጽፋል። በብዙ ፎንት ዓይን አይለያቸውም። ለኮምፒውተሩ ግን አንዱ አራት ፊደል ነው፣ ሌላው አምስት። አንድ የአማርኛ መተግበሪያ የሚልከውን የጽሑፍ መልእክት የሚፈትሽ ቴስት በዚህ ምክንያት ሲወድቅ፣ ብዙ መሣሪያዎች ሁለቱን መስመር አንዱን ካንዱ በታች ደርድረው ዝም ይላሉ። ከላይም ሰላም፣ ከታችም ሰላም። ልዩነቱን ለማግኘት ጽሑፉን ፊደል በፊደል ቆራርጦ ቁጥሩን ማውጣት ግድ ይሆናል።

መልእክቱ እንዲህ ቢሆንስ? «የተጠበቀው ርዝመት 4፣ የተገኘው 5። ልዩነቱ 4ኛው ፊደል ላይ ይጀምራል። የተጠበቀው 1362፣ የተገኘው 1361።» አለቀ። አማርኛ የማያነብ ዴቨሎፐር እንኳን በዚህ ሊያስተካክለው ይችላል። ያው ዘዴ ለማይታይ ባዶ ቦታ፣ መጨረሻ ላይ ተጣብቆ ለሚቀር ስፔስ፣ ለዐረብኛውም ለዕብራይስጡም ይሠራል። ለአማርኛ ብቻ የሚለፋ ልፋት አይደለም።

ፓይቴስትን ከላይ አመስግኛለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። አንዱን ቴስት በተለያየ ግብዓት ደጋግማችሁ ስታስሮጡ፣ ግብዓቱ የቴስቱ ስም ላይ በቅንፍ ይገባል። ግብዓቱ «ሰላም» ከሆነ ስሙ ላይ የምታገኙት ሰላምን ሳይሆን 1230፣ 120 ምናምን የሚል የቁጥር ሰንሰለት ነው። ሃምሳ የአማርኛ ቃላትን የሚፈትሽ ሰው የትኛው ቃል እንደወደቀ በዓይኑ ማወቅ አይችልም። ይህን የሚያጠፋ ማስተካከያ አለ። ስሙ ግን ረጅም ነው፤ ትርጉሙም «የቴስት ስም መቀየርን አጥፋ፣ ከማኅበረሰቡ እርዳታ የማግኘት መብትንም ሁሉ ተው» እንደማለት ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። አንዳንድ ኦፕሬቲንግ ሲስተምና ፕለጊን ላይ ችግር ያመጣል ብለው ፈርተው ነው። ቢሆንም የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። በራሱ ፊደል የሚሠራ ሰው የእርዳታ መብቱን እንዲተው ሊጠየቅ አይገባም። ማንም ማስተካከያ ሳይነካ የሚሠራው አሠራር ፊደሉን እንዳለ የሚያሳይ ይሁን፤ ችግር ያለበት ቦታ ላይ የሚሠራው ሰው ይቀይረው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልምጣ። ታይምአውት።

ብራውዘርን በራሱ በሚነካካው መሣሪያ በሴሌኒየም የፓይተን ስሪት «ይህ በተን እስኪታይ ጠብቅ» ብላችሁ ጊዜው ካለፈ፣ ራሳችሁ ማብራሪያ ካልጻፋችሁለት በቀር የሚወጣው «ታይምአውት ኤክሴፕሽን፦ ሜሴጅ፦» ነው። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ሜሴጅ የሚለው ርዕስ አለ፤ ሜሴጁ የለም። አንዳንዴ ከሥሩ የብራውዘሩ የውስጥ ቁጥሮች ይከተላሉ፤ እነሱም ለፈታሽ ምንም አይነግሩም።

ታይምአውት ማለት «ጠበቅሁ፣ አልመጣም» ማለት ነው። ፈታሹ ማወቅ የሚፈልገው ምን ሲጠበቅ እንደነበረና በመጨረሻው ሰከንድ ምን ይታይ እንደነበረ ነው። በተኑ ገጹ ላይ ጭራሽ አልነበረም? ነበረ ግን «በመጫን ላይ» የሚለው ሽፋን ጋርዶታል? ታይቷል ግን አይነካም? ሦስቱ ሦስት የተለያየ ሥራ ናቸው። የመጀመሪያው ቴስቱን ማስተካከል ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ኔትወርኩን ወይም ሰርቨሩን ማየት ነው። ሦስተኛው እውነተኛ ባግ (የሶፍትዌር ስህተት) ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ደንበኛው ፎርሙን በትክክል ሞልቶም «ክፈል» የሚለው በተን ካልበራለት። መሣሪያው ይህን ሁሉ ያውቃል። በየግማሽ ሰከንዱ ገጹን ሲያይ የነበረው እሱ ነው። ያየውን ሁሉ ጥሎ ባዶ መስመር ይሰጠናል።

ሌላው የብራውዘር መፈተሻ ፕሌይራይት ይህን በሚገባ አስተካክሎታል። ጊዜው ሲያልፍ የሞከረውን በቅደም ተከተል ይጽፋል፦ ይህን ስጠብቅ ነበር፣ አገኘሁት፣ ግን አይነካም፤ ደግሜ ሞከርኩ፤ አሁንም ይህ ሽፋን ጋርዶታል። የሚጋርደውን ነገር በስሙ ይጠራዋል። ለፍለጋው የሚመጥኑ ሁለት በተኖች ካገኘም በዘፈቀደ አንዱን አይመርጥም። ሁለቱንም ዘርዝሮ «የትኛውን ነው?» ይላል። እንዲህ ያለውን ሎግ ለዴቨሎፐር ስልክለት መልሶ የሚጠይቀኝ ነገር የለም። ባዶውን ስልክለት ግን መልሱ የታወቀ ነው፤ «እኔ ጋ ይሠራል» ይለኛል።

«እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው አባባል የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ መልእክቱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስለማይለይ ነው። እኛ ጋ መብራት ይሄዳል። ኢንተርኔት ይቆራረጣል። የፈተና ዳታቤዙ ሲወድቅ ሦስት መቶ ቴስት አብሮት ይወድቃል፤ ሪፖርቱም ሦስት መቶ ባግ የተገኘ ያስመስላል። የቡድን መሪው ይደነግጣል፣ ስብሰባ ይጠራል። ዳታቤዙ ሲነሳ ሁሉም አረንጓዴ ይሆናል። በዚህ መሀል አንድ እውነተኛ ባግ ከነበረ ማንም አያየውም። ፓይቴስት ዝግጅቱ ላይ የተበላሸውን «ኤረር»፣ ፍተሻው ላይ የወደቀውን «ፌይል» ብሎ ይለያል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ለእኛ ግን ትልቅ ነገር ናት። ከዚህ አልፎ «ዳታቤዙን ማግኘት አልተቻለም፤ በዚህ ምክንያት 300 ቴስቶች አልሮጡም» የምትል አንዲት መስመር ከላይ ብትወጣ የስንት ሰው ጠዋት ይተርፍ ነበር።

ስለ ሰዓትም ልጨምር። ብዙ የሲአይ ሰርቨሮች (ኮድ ሲቀየር ቴስቶቹን በራሳቸው የሚያስሮጡት) የሚሠሩት በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሮጥ ቴስት እኛ ጋ ቀኑ ተቀይሮለታል፣ ሰርቨሩ ላይ ግን ገና ትናንት ነው። መልእክቱ ሁለት ቀኖችን አውጥቶ «እኩል አይደሉም» ይላል። ጠዋት ቢሮ ገብቶ እንደገና ያስሮጠው ሰው ያልፍለታል። ሌሊት እንደገና ይወድቃል። ከቀኑ አጠገብ ሰዓቱና የሰዓት ቀጠናው ቢጻፍ ምክንያቱ ወዲያው ይታይ ነበር።

የተጠበቀውና የተገኘው ቦታ ጉዳይም አለ። በጄዩኒት መጀመሪያ የሚጻፈው የተጠበቀው ነው። በሌላው የጃቫ መፈተሻ በቴስትኤንጂ መጀመሪያ የሚጻፈው የተገኘው ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ቡድን መልእክቱን ገልብጦ ያነባል፤ ትክክለኛውን ኮድ «ሊያስተካክል» ይነሳል። የፓይተኑ ዩኒትቴስት ደግሞ «3 እና 4 እኩል አይደሉም» ብሎ ያበቃል፤ የትኛው የማን እንደሆነ አይናገርም። ሁለቱንም በስማቸው ጥሩልን።

ርዝመትን በተመለከተ በሁለቱም በኩል ይበዛል። አንዳንዱ መልእክት የመሣሪያውን የውስጥ ፋይሎች ሁሉ ይደረድራል፤ የእኛ ኮድ ያለበት አንድ መስመር መሀል ላይ ተቀብሮ ይቀራል። ሌላው ደግሞ ቁም ነገሩ ላይ ሲደርስ ይቆርጠዋል። ዩኒትቴስት ልዩነቱ ከ640 ፊደል ካለፈ «ይህን ያህል ፊደል ነው፤ ለማየት ይህን ማስተካከያ ቀይር» ብሎ ያልፋል። ላፕቶፕ ላይ ይህ ችግር የለውም፤ ቀይሮ ማስሮጥ ነው። ሲአይ ላይ ግን እንደገና ወረፋ መጠበቅ ነው። አንዴ ታይቶ የማይደገም ብልሽት ከሆነም መረጃው እስከ ወዲያኛው ጠፋ። ፓይቴስት ሲአይ ላይ መሆኑን ሲያውቅ መቁረጡን ይተዋል። ይህን ያሰበውን ሰው ባገኘው አመሰግነው ነበር።

«ሰው እኮ መልእክት አያነብም» የሚል መከራከሪያ እሰማለሁ። በ2017 የዓይን እንቅስቃሴን በሚከታተል መሣሪያ የተሠራ ጥናት ነበር። በእርግጥ ጥናቱ የተሠራው የኮምፓይለር (ኮድን ለኮምፒውተሩ የሚተረጉመው ፕሮግራም) መልእክቶች ላይ ነው። ያገኘው ግን ዴቨሎፐሮች መልእክቱን እንደሚያነቡት፣ ማንበቡም ኮድ ከማንበብ ያልተናነሰ እንደሚከብዳቸው ነው። ቋንቋዎቹ ራሳቸው ይህን ሰምተዋል። ጃቫ ለረጅም ዓመታት «ነል ፖይንተር» (ባዶ የሆነ ነገር ተነካ) ብሎ የመስመር ቁጥር ብቻ ሲሰጥ ኖረ። በ2020 በወጣው ጃቫ 14 የትኛው ነገር ነል እንደነበረ በስሙ መናገር ጀመረ፤ ከጃቫ 15 ወዲህ ደግሞ ማንም ሳያዘው ይናገራል። ፓይተን 3.10 ያልተዘጋ ቅንፍ ሲያገኝ ቅንፉ የተከፈተበትን ቦታ ያሳያል። ስም ብትሳሳቱም «ይህን ለማለት ነው?» ብሎ ቀረብ ያለውን ይጠቁማል። ይህን ያህል ዕድሜ ያላቸው ቋንቋዎች ከቻሉት የቴስት መሣሪያዎች የማይችሉበት ምክንያት የለም።

መልእክቱ በአማርኛ ይሁን አልልም። ኮዱም፣ ሰነዱም፣ ጎግል አድርገን መፍትሔ የምናገኝበት ጽሑፍም እንግሊዝኛ ነው። መልእክቱ ከተተረጎመ ፍለጋው ይቸግራል። ግን እንግሊዝኛው አጭርና ቀላል ይሁን። ተማሪውም፣ ትናንት ከማኑዋል ፍተሻ ወደ ኮድ የተሻገረችው ልጅም በአንድ ንባብ ትረዳው።

በየመሥሪያ ቤቱ የራሳችሁን መሣሪያ ለምትጽፉ አንድ ሁለት ነገር ልበል። የእናንተ መሣሪያ ሰነድ የለውም፤ ጎግል ላይም አይገኝም። ያለው መልእክቱ ብቻ ነው። ስለዚህ መልእክቱም ቴስት ይጻፍለት። ሆን ብላችሁ አንድ ቴስት አስወድቁና የሚወጣውን ጽሑፍ ከተፈለገው ጋር አስተያዩት። ትልልቆቹ ፍሬምወርኮች የራሳቸውን መልእክት እንዲሁ ይፈትሻሉ። ፑል ሪኩዌስት (የኮድ ለውጥ ይግባ የሚል ጥያቄ) ስትከፍቱ ቴስቱ ሲወድቅ ምን እንደሚል ናሙና ለጥፉበት፤ ኮዱን የሚገመግመው ሰው እሱንም ይገምግም። ከዚያ ለቡድኑ አዲስ የሆነ ሰው ጥሩና ሎጉን ብቻ ስጡት። ኮዱን ሳይከፍት ምን እንደተበላሸ ከነገራችሁ መልእክቱ ሠርቷል። ካልነገራችሁ እሱን አትውቀሱት፤ መልእክቱን እንደገና ጻፉት።

ለኦፕን ሶርስ ሰዎች ደግሞ፦ የአራት ነጥቡን ጉዳይ፣ የቴስት ስም ላይ የሚወጡትን ቁጥሮች፣ ባዶውን ታይምአውት ማንም ሊያስሮጠው በሚችል አጭር ኮድ አዘጋጅቻለሁ። ለየፕሮጀክቱ በየተራ እልካለሁ። የአማርኛ ናሙና የሚፈልግ ካለ የሥርዓተ ነጥቡን፣ የግዕዝ ቁጥሮቹን፣ የቀን አጻጻፉን አዘጋጅቼ እሰጣለሁ። ለሁሉም ጊዜ ከሌላችሁ ከታይምአውቱ ጀምሩ። ምን ሲጠበቅ እንደነበረና በመጨረሻ ምን እንደታየ የሚናገሩ ሁለት መስመሮች ይበቁናል።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የሶፍትዌር ፈታሽ
አዲስ አበባ